ከፊልም ወደ ዲጂታል፤ የባለሙያ ካሜራ አሠራርና አያያዝ ታሪክ

መግቢያ

አንድ መሣሪያ በሥራ ላይ በሚውልበት ጊዜ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛው የመሣሪያው ውስጣዊ አሠራር ሲሆን ሁለተኛው የሠራተኛው እጅ ነው። ስለ መጀመሪያው የሚጻፈው ብዙ ነው፤ በቁጥር ስለሚገለጽም ለንጽጽር ያመቻል። ስለ ሁለተኛው የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጣት ያላየውን ቁልፍ ፈልጎ የሚያገኝበት፣ ዐይን ከሥራው ሳይነሣ ክንድ ክብደትን አመቻችቶ የሚሸከምበት ዕውቀት በሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። ከዚህም የተነሣ የትምህርት መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜም ሆነ የሙያ ሥልጠና እቅድ በሚወጣበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ተዘንግቶ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የቀረበው ይህንኑ ጉዳይ በአንድ መሣሪያ ታሪክ ለመመርመር ነው። መሣሪያውም በጋዜጣና በስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች እጅ የምናየው፣ በምሕፃረ ቃል «ዲ.ኤስ.ኤል.አር.» እየተባለ የሚጠራው ባለ መስተዋት ዲጂታል ካሜራ ነው። ከሌሎች መሣሪያዎች መካከል ይህ የተመረጠበት ምክንያት በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሆድ ዕቃው ፈጽሞ ሲለወጥ አያያዙ ግን ከሞላ ጎደል ባለበት መቆየቱ ነው። ፊልሙ ወጥቶ በምትኩ ብርሃንን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰሌዳ ገባ፤ ጨለማ ክፍሉና የኬሚካል ገንዳው ቀሩ፤ ጣቶቹ ግን የሚያውቁትን ቦታ አላጡም። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መስተዋቱና ዐይኑ

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ ማስረዳት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺው የሚያይበትና ምስሉ የሚመዘገብበት ሌንስ አንድና ያው ነው። በሌንሱ የሚገባው ብርሃን 45 ዲግሪ አጋድሎ በተቀመጠ መስተዋት ላይ አርፎ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በጭጋጋማ መስተዋት ላይ ምስል ይሠራል፤ ከዚያም በካሜራው አናት ባለው ባለ አምስት ገጽ ፕሪዝም ተቃንቶ ወደ ዐይን ይደርሳል። የማንሻው ቁልፍ ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ የመዝጊያው መጋረጃ ማለትም ሻተሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑም በፊልሙ ወይም በሰሌዳው ላይ ያርፋል። መጋረጃው ሲዘጋ መስተዋቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፎቶግራፉ በሚነሣባት በዚያች ቅጽበት ምንም አያይም፤ የሚያየው ከእርሷ በፊት ያለውንና ከእርሷ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ዮሐን ዛን የተባለው ጀርመናዊ መነኩሴ በ1685 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ምስልን በመስተዋት ወደ ላይ የሚያወጣ ሣጥን በሥዕል አሳይቷል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሳተን በ1861 ለዚህ ዓይነቱ ካሜራ የባለቤትነት መብት አወጣ። ይሁን እንጂ መሣሪያው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራና በእጅ የሚያዝ ሆኖ በብዛት የወጣው በ1936 በድሬስደን ከተማ «ኪኔ ኤግዛክታ» በሚል ስም ነው። ኤግዛክታን የያዘ ሰው አቀርቅሮ ከላይ ወደ ታች ያይ ነበር። የሚያየውም ምስል ግራና ቀኙ የተገላበጠ ስለ ነበረ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ፈረስ በመስተዋቱ ወደ ግራ ሲሮጥ ይታየዋል። ፈረሱን ለመከተል እጅን ከዐይን ተቃራኒ ማሠልጠን ያስፈልግ ነበር። ይህ ችግር የተቃለለው እዚያው ድሬስደን ውስጥ በ1949 በወጣው «ኮንታክስ ኤስ» ላይ ባለ አምስት ገጹ ፕሪዝም ሲገጠም ነው። በ1954 ደግሞ የጃፓኑ «አሳሂፍሌክስ 2ቢ» መስተዋቱ ከተነሣ በኋላ በራሱ ወዲያው እንዲመለስ አደረገ። ከዚያ በፊት ፊልሙ እስኪሳብ ድረስ መመልከቻው ጨለማ ሆኖ ይቆይ ነበር።

ስለ ኤግዛክታ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የማንሻው ቁልፍና የፊልም መሳቢያው ዘንግ የነበሩት በግራ እጅ በኩል ነው። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት የባለሙያ ካሜራዎች ሁሉ የሚያሠሩት በቀኝ እጅ ሲሆን፣ ይህ ከተፈጥሮ የመጣ ግዴታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የአንድ ዘመን ነዳፊዎች ምርጫ ሌሎቹን አስከትሎ የተለመደ ነገር እንጂ ሌላ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ግራኝ ተማሪ ያለው መምህር ይህን ማወቁ አይጎዳውም።

በ1959 የወጣው «ኒኮን ኤፍ» ከላይ ከተዘረዘሩት ፈጠራዎች አብዛኞቹን ከሌሎች ወስዶ በአንድ ጠንካራ አካል ላይ አሰባሰባቸው። መመልከቻው ይነቀላል፤ ጭጋጋማው መስተዋት ይለወጣል፤ ፊልም የሚስብ ሞተር ይገጠምለታል፤ ሌንሶቹም በአንድ አጭር ጥምዝ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የውጭ መልኩን በማስተካከል ረገድ የተሳተፈው ዩሳኩ ካሜኩራ የግራፊክ ሠዓሊ ሲሆን በኋላ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዓርማ የነደፈው ሰው ነው። የቪየትናም ጦርነት ዘጋቢዎች ይህን ካሜራ በጭቃና በዝናብ ውስጥ ይዘው ዞሩ። የባለሙያ ካሜራ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚቀጥሉት አርባ ዓመታት የተወሰነው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፊልም ዘመን የእጅ ሥራ ክፍፍል

በዚያ ዘመን የነበረው የእጆች የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነበር። ግራ እጅ ከሌንሱ በታች ሆኖ ክብደቱን ይሸከማል፤ እዚያው እንዳለ በሁለት ቀለበቶች ምስሉን ያጠራል፣ የብርሃን ቀዳዳውንም ያሰፋል ወይም ያጠብባል። ቀኝ እጅ አካሉን ይጨብጣል፤ አመልካች ጣት የሻተሩን ፍጥነት በአናት ላይ ባለው መዘውር ይወስናል፣ ቁልፉንም ይጫናል፤ አውራ ጣት ፊልሙን ይስባል። ቁጥሮቹ ሁሉ በብረቱ ላይ የተቀረጹ ስለሆኑ ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ፣ ባትሪም ሳይኖረው ይነበባሉ። ልምድ ያለው ሰው ቀለበቱን እየቆጠረ በጨለማ ያስተካክላል። ይህ ዕውቀት በወራት የሚገኝና በጣት ውስጥ የሚቀር ነው።

ባለሙያዎች ለዚህ ዕውቀት ይቆረቆሩ ነበር። ጣልያናዊው የአውቶሞቢል ነዳፊ ጆርጄቶ ጁጃሮ መልኩን የሠራለት «ኒኮን ኤፍ3» በ1980 ሲወጣ ሻተሩ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ስለ ነበረ ብዙዎች ባትሪው በዱር በገደሉ ቢያልቅስ በማለት ሠጉ። አምራቹም ይህን ሥጋት ባለመናቅ ያለ ባትሪ በሰኮንድ 1/60 የምትሠራ አንዲት መጠባበቂያ ዘንግ አኖረለት። ኤፍ3 ከሃያ ዓመት በላይ ሲመረት ኖረ። ከታች እንደምንመለከተው የዲጂታል ዘመን የተጀመረውም በእርሱ ላይ ነው።

በ1986 «ካነን ቲ90» የተባለው ካሜራ ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ ነገር ይዞ መጣ። ጀርመናዊው ነዳፊ ሉዊጂ ኮላኒ ከካነን ነዳፊዎች ጋር የተሳተፈበት ይህ ካሜራ ማዕዘን የለውም፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ የተሸረሸረ ይመስላል። የቀኝ እጅ መጨበጫው ከመዳፍ ቅርጽ ጋር ተስማምቶ ወፍሯል። የተቀረጹት ቁጥሮች ቀርተው በትንሽ የፈሳሽ ክሪስታል መስኮት ላይ ይታያሉ። ከማንሻው ቁልፍ በስተ ኋላ አንዲት ጥርሳም መዘውር አለች፤ አመልካች ጣት ከቁልፉ ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ ያዞራታል። ቁልፍ ተጭኖ መዘውሯ ስትዞር ሌላ ሥራ ትሠራለች። አንድ ጣት የብዙ መዘውሮችን ሥራ እንዲሠራ የተደረገው እንዲህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1987 ካነን ደንበኞቹን ያስቆጣ እርምጃ ወሰደ። አሮጌውን የሌንስ መግጠሚያ ትቶ 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሌንሱ ጋር በኤሌክትሪክ ብቻ የሚነጋገር አዲስ መግጠሚያ አወጣ። ያን ጊዜ ሌሎች አምራቾች ምስልን በራሱ የሚያጠራ ካሜራ እየሠሩ ነበር፤ ሚኖልታ በ1985 ቀድሞ ነበር። ካነን ሞተሩን በእያንዳንዱ ሌንስ ውስጥ ለማስገባት ስለ ወሰነ አሮጌ ሌንስ ለገዙ ሰዎች ንብረታቸው ለአዲሱ ካሜራ የማይሆን ዕቃ ሆነ። ኒኮን በበኩሉ የ1959ኙን መግጠሚያ ጠብቆ ማሻሻልን መረጠ። ከዚህ ሁለት ዓይነት ወግ አጥባቂነት እንመለከታለን። ኒኮን የሰዎችን ንብረት ጠበቀ። ካነን ንብረቱን ጥሎ የጣቶቹን ልማድ ጠበቀ፤ በቲ90 ላይ የታየችው መዘውር ያለ አንዳች ለውጥ ወደ አዲሱ «ኢ.ኦ.ኤስ.» ቤተሰብ ተዛውራለችና። በ1989 በወጣው የባለሙያ «ኢ.ኦ.ኤስ.-1» ላይ ደግሞ በጀርባው ለአውራ ጣት የምትመች አንዲት ትልቅ ክብ መዘውር ተጨመረች። በሚከተሉት ዓመታት በስፖርት ሜዳዎች ዳር የካነን ነጫጭ ሌንሶች ተሰልፈው ይታዩ ጀመር። የሰው ንብረት ቢጣልም ገበያው አልከሰረም፤ የጣቶቹ ልማድ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን ውጤቱ እንዲህ ይሆን ነበር ብሎ ለማመን ይከብዳል።

የሆድ ዕቃው ሲለወጥ

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው «ሲ.ሲ.ዲ.» የተባለ ክፍል በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ በዊላርድ ቦይልና በጆርጅ ስሚዝ ተፈለሰፈ፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራቸው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን ከዚህ ክፍል ጋር የቴፕ ካሴት አቀናጅቶ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። አንድ ምስል 10,000 ነጥቦች ብቻ ሲኖሩት በካሴቱ ላይ ለመመዝገብ 23 ሰኮንድ ይፈጅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የዚያው ድርጅት ባልደረባ ብራይስ ባየር ለቀለም መለያ ሰሌዳው የባለቤትነት መብት አገኘ። በዚህ ዘዴ ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴን፣ አንዱ ቀይን፣ አንዱ ሰማያዊን ይቀበላሉ። የሰው ዐይን ለአረንጓዴ ብርሃን የበለጠ ንቁ ስለሆነ የተደረገ ነው።

ለታሪካችን የሚበልጠው ነጥብ ግን ኮዳክ በ1991 «ዲ.ሲ.ኤስ.» የተባለውን ለባለሙያ የተዘጋጀ ዲጂታል ካሜራ ሲያወጣ የወሰደው ውሳኔ ነው። የራሱን ካሜራ አልሠራም፤ ዘጋቢዎች በእጃቸው የለመዱትን ኒኮን ኤፍ3 ገዝቶ ጀርባውን አወለቀና 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሰሌዳ ገጠመበት። ምስሎቹ የሚቀመጡበት 200 ሜጋባይት ዲስክ ከነመመልከቻ ስክሪኑ ለብቻው በሣጥን ሆኖ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ከካሜራው ጋር የሚገናኘውም በገመድ ነው። ዋጋው 20,000 ዶላር ገደማና ከዚያም በላይ ነበር። የተሸጠው ከ1,000 አይበልጥም። በትከሻ ላይ የተንጠለጠለው ሣጥን አዲስና አስቸጋሪ ቢሆንም እጅ የጨበጠው ግን ያንኑ የድሮውን ኤፍ3 ነበር። በ1994 ኮዳክና አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ያወጡት «ኤን.ሲ.2000» ሣጥኑን አስቀርቶ ሁሉንም በካሜራው ሥር አሰባሰበው፤ እርሱም በኒኮን አካል ላይ የተሠራ ነው። ዋጋው ያን ጊዜም ከ15,000 ዶላር በላይ ነበር።

በ1999 ኒኮን «ዲ1»ን አወጣ። 2.7 ሚሊዮን ነጥብ ያለው፣ በሰኮንድ አራት ተኩል ጊዜ የሚያነሣ፣ ዋጋውም ከ6,000 ዶላር በታች የሆነ ካሜራ ነው። የአንድ አምራች እጅ ከመነሻው እስከ መድረሻው የነደፈው የመጀመሪያው ባለ መስተዋት ዲጂታል ካሜራ ስለሆነ የጋዜጣ ቤቶች በፍጥነት ተቀበሉት። ነዳፊዎቹ ባዶ ወረቀት ይዘው ስለ ተነሡ እንዳሻቸው ሊያደርጉ ይችሉ ነበር፤ የፊልም ጥቅልል የሚቀመጥበት ክፍል ስለማያስፈልግ ቅርጹ ሌላ መልክ ቢይዝ የሚከለክል አልነበረም። እነርሱ ግን የፊልሞቹን የ«ኤፍ5»ንና የ«ኤፍ100»ን አያያዝ ተከተሉ። አመልካች ጣት ከፊት ያለውን መዘውር፣ አውራ ጣት ከኋላ ያለውን መዘውር፣ ቁልፉም በቀድሞ ቦታው። ካነን በ2001 በ«ኢ.ኦ.ኤስ.-1ዲ» ይህንኑ አደረገ።

ዐይንና ጣት የከፈሉት ዋጋ

የጣቶቹ ልማድ ሲጠበቅ የዐይን ልማድ ግን ተናጋ። የዲ1 ሰሌዳ ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስላነሰ የሌንሶቹ እይታ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ጠበበ። 20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ እንደ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለሃያ ዓመት በዚያ ሌንስ ሲሠራ የኖረ ሰው ካሜራውን ገና ወደ ዐይኑ ሳያነሣ ምን ያህል ሰው በፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ያውቅ ነበር፤ በአንድ ቀን ይህ ግምቱ ከንቱ ሆነበት። ሙሉው የፊልም ስፋት የተመለሰው በካነን በኩል በ2002 በ«1ዲ.ኤስ.»፣ በኒኮን በኩል በ2007 በ«ዲ3» ነው።

ሌላው ለውጥ የብርሃን ንቃት መጠን ማለትም አይ.ኤስ.ኦ. ነው። በፊልም ዘመን አንድ ጥቅልል ሲገባ መጠኑ ለ36 ፎቶግራፎች ያህል ተወስኖ ያበቃል። በዲጂታል ግን ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል፤ በዲ3 ላይ እስከ 6400 ያለ ብዙ ጉዳት ይደርስ ነበር። ስለሆነም አይ.ኤስ.ኦ. እንደ ሻተር ፍጥነትና እንደ ብርሃን ቀዳዳ ሁሉ በየደቂቃው የሚነካ ሦስተኛ ነገር ሆነ። ነገር ግን የድሮው እጅ ለዚህ ሦስተኛ ነገር ቦታ አልነበረውም። በዲ3 ላይ ቁልፉ የተቀመጠው በጀርባው ግርጌ ከስክሪኑ በታች ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ግራ እጁን ከሌንሱ ሥር ማንሣት ነበረበት። ኒኮን ይህን ቁልፍ ከማንሻው ቁልፍ አጠገብ ያዛወረው በ2016 በ«ዲ5» ነው፤ ከዲ1 ጀምሮ ሲቆጠር 17 ዓመት መሆኑ ነው። ልማድን መጠበቅ የራሱ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ጸሐፊው አላገኘም። የድሮው ሥርዓት እጅግ በሚገባ የተሠራ ከመሆኑ የተነሣ አዲስ ሥራ ሲመጣ ማስጠጊያ አጣ።

በካሜራው ጀርባ የተተከለው ስክሪንም የራሱን ልማድ ወለደ። ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በኋላ አንገትን ሰበር አድርጎ ውጤቱን ማየት የተለመደ ሆነ። የድሮ ባለሙያዎች ይህን ይነቅፉታል፤ አንገት ባቀረቀረችበት ጊዜ ጎሉ ይገባልና። ለትምህርት ሥራ ግን ታላቅ ጥቅም አለው። በ1995 ጃፓን ውስጥ በወጣው ኤግዚፍ በተባለ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ምስል የተነሣበትን የሻተር ፍጥነት፣ የብርሃን ቀዳዳ፣ የሌንስ ርዝመትና ሰዓት ከራሱ ጋር ይዞ ይኖራል። በፊልም ዘመን ተማሪው ይህን ሁሉ በደብተሩ ካልጻፈ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ለምን እንደ ተበላሸበት ሊያውቅ አይችልም ነበር። ዛሬ ስሕተቱን እዚያው በቆመበት ያነብበዋል። በስሕተትና በእርማቱ መካከል ያለው ጊዜ ከቀናት ወደ ሰኮንዶች ማጠሩ፣ ስለ ሜጋፒክሰል ብዛት ከሚባለው ሁሉ ይልቅ መምህሩን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ካሜራውን ስለ መያዝ

የባለሙያ ካሜራ ከሌላው የሚለይበት አንዱ ነገር በሥሩ የተዋሐደው ሁለተኛ መጨበጫ ነው። ቁመታም ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራው ሲቆም ቀኝ እጅ ወደ ላይ ወጥቶ ክርን በአየር ላይ ይቀራል፤ ክብደቱም በእጅ አንጓ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በሥሩ ሁለተኛ የማንሻ ቁልፍና መዘውሮች ይደገሙለታል። ካሜራው በሚቆምበት ጊዜ እጅ ወደ እነርሱ ይሸጋገራል፣ ክርንም ከጎድን ጋር እንደ ተጣበቀ ይቆያል። ይህ በኤፍ5 ላይ በ1996፣ በዲ1 ላይ በ1999 የነበረ ሲሆን ለትልቁ ባትሪም ማስቀመጫ ሆኗል።

አካሉ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። በመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ ውኃና አቧራ የሚከላከል የጎማ ማኅተም አለ። ሻተሩ የሚሠራበት ዕድሜ በአምራቹ ይገለጻል፤ በዲ3 300,000 ጊዜ፣ በ2012ቱ «ኢ.ኦ.ኤስ.-1ዲ ኤክስ» 400,000 ጊዜ፣ በ2020ው ሦስተኛ ዝርያ 500,000 ጊዜ ነው። የዚህ የመጨረሻው ክብደት ከባትሪና ከሚሞሪ ካርድ ጋር 1,440 ግራም ነው። ይህ ብዙ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከፊቱ የሚገጠመው ሌንስ ሲታሰብ ጥቅሙ ይታያል። የካነን 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ1999ኙ ዝርያው 5.37 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ በ2018 ወደ 2.84 ኪሎ ግራም ወርዷል። ቀላል አካል ከከባድ ሌንስ በስተ ኋላ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ፊት ይደፋል።

አያያዙን ማስተማር ከባድ አይደለም፤ ተማሪው ግን ራሱ ካላገኘው አይዋሐደውም። የግራ መዳፍ ወደ ላይ ተገልብጦ ከሌንሱ ሥር ይገባል፤ ሁለቱ ክርኖች ወደ ጎድን ይሰበሰባሉ፤ መመልከቻው ከቅንድብ ጋር ይገጥማል። በዚህ ዓይነት ካሜራው በሦስት ቦታ ይደገፋል። የማንሻው ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው፤ ግማሽ ሲጫን ብርሃኑ ይለካል፣ ምስሉም ይጠራል፤ ፈጽሞ ሲጫን ፎቶግራፉ ይነሣል። ጀማሪዎች ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ ጊዜ ይወጉታል። ብዙ የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች ደግሞ ሥራውን ይከፍሉታል፤ ማጥራቱን በጀርባ ላለ ቁልፍ ሰጥተው ለአውራ ጣት ይተዋሉ፣ አመልካች ጣት ማንሣትን ብቻ ይሠራል። ተጫዋች በፊታቸው ሲያልፍ አውራ ጣታቸውን ለቀቅ ያደርጋሉ፤ ካሜራውም በመጀመሪያው ሰው ላይ እንደ ጠራ ይቆያል።

ሁለቱ ታላላቅ አምራቾች ግን በብዙ ነገር ይጣረሳሉ። ከፊት ሲታይ የካነን ሌንስ የሚገባው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ የኒኮን ወደ ግራ። የማጥሪያው ቀለበት አዟዟርም እንዲሁ ተቃራኒ ነው። የብርሃን መለኪያው ላይ ኒኮን ለረጅም ዘመን የመደመር ምልክቱን በግራ ሲያኖር ካነን በቀኝ ያኖራል። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ጸሐፊው ያየው አንድ የሥልጠና ተቋም ቁጥሮቻቸው ስለ ተቀራረቡ ብቻ ከሁለቱም ወገን ካሜራዎች ገዝቶ በሠልጣኞች መካከል በየተራ ያዘዋውር ነበር። ሠልጣኞቹ ለሳምንታት ቀለበቱን በተቃራኒው ሲያዞሩና ካሜራውን ከዐይናቸው አንሥተው ሲመረምሩ ይታዩ ነበር። መምህሩ «ችሎታ የላቸውም» ብሎ ነበር። በእውነቱ ግን ጣታቸው የተማረውን በየሳምንቱ እንዲረሳ ይገደድ ነበር። በግዢው ዝርዝር ውስጥ ስለ አዟዟር አቅጣጫ የሚጠይቅ ዓምድ አልነበረም፤ ሊኖርም የሚችልበት ልማድ የለም።

መስተዋቱ ሲወጣ

በ2017 ሶኒ ያለ መስተዋት በሰኮንድ 20 ጊዜ የሚያነሣ፣ መመልከቻውም በመሀል የማይጨልም «አልፋ 9»ን አወጣ። በ2020 አሶሼትድ ፕሬስ ለዘጋቢዎቹ ሁሉ የሶኒን ካሜራዎች ለማደል ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጡት የካነን «1ዲ ኤክስ» ሦስተኛ ዝርያና የኒኮን «ዲ6» የባለ መስተዋቱ ወገን የመጨረሻ ታላላቅ ካሜራዎች ሆኑ። የመጀመሪያው በመስተዋቱ በኩል እየታየ በሰኮንድ 16 ጊዜ ያነሣል፤ መስተዋቱ በዚህ ፍጥነት ሲነሣና ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ የልብስ ስፌት መኪናን ያስታውሳል። ከዚህ በላይ ለማፍጠን የብረትና የመስተዋት ተፈጥሮ አይፈቅድም ነበር።

ኒኮን በ2021 ያወጣው «ዜድ9» መስተዋት የለውም፤ በብረት የሚሠራ ሻተርም የለውም። በሌንስ መግጠሚያውና በሰሌዳው መካከል ያለው ርቀት ከ46.5 ወደ 16 ሚሊ ሜትር ወርዷል። በመመልከቻው የሚታየው ብርሃኑ ራሱ መሆኑ ቀርቶ በትንሽ ስክሪን ላይ የተሣለ ምስሉ ሆኗል። እንግዲህ ከፊልሙ ቀጥሎ የወጣው ሁለተኛው የሆድ ዕቃ መሆኑ ነው። ካሜራው ግን በእጅ ሲያዝ አመልካች ጣት ከፊት መዘውር ያገኛል፤ አውራ ጣት ከኋላ ሌላ መዘውር ያገኛል፤ የአይ.ኤስ.ኦ. ቁልፍ ዲ5 ባኖረበት ከማንሻው ቁልፍ አጠገብ ነው፤ ካሜራው ሲቆምም በሥሩ ሁለተኛው መጨበጫ ይጠብቃል። በመካከለኛ ቀለበት አማካይነት የ1959ኙ መግጠሚያ ያላቸው ሌንሶች ይገቡበታል፤ በቀለበቱ በኩል የሚገባው አሮጌ ሌንስም አሁንም ወደ ግራ ይዞራል።